አንድ ማሽን ለሁለት ተማሪ፦ የሲንሲናቲ ፈረቃ

የምህንድስና ትምህርትን ከፋብሪካ ሥራ ጋር እያፈራረቁ የማስተማር ዘዴ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1906 በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው በ1872 በፔንሲልቬንያ የተወለደው መሐንዲስ ኸርማን ሽናይደር ነበር። ሽናይደር በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ተመርቀው ሙያው ከተዋጣላቸው ብዙዎቹ በተማሪነታቸው ሠርተው ያደሩ መሆናቸውን አስተዋለ። የኮሌጅ ወርክሾፕ የቱንም ያህል ቢደራጅ ማሽኑ ያረጅበታል፤ አዲሱ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ታዲያ ፋብሪካን ግቢ ውስጥ ለመሥራት ከመልፋት ተማሪውን ወደ ፋብሪካው መላክ አይሻልም?

በ1903 ወደ ሲንሲናቲ መምጣቱ በጀው። ከተማዋ ቶርኖና መሰል የብረት መሥሪያ ማሽኖች በብዛት የሚመረቱባት ነበረች። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ግን እያመነታ ነው የፈቀደለት፤ ሙከራው ለአንድ ዓመት እንዲሆን፣ ቢከሽፍም ቦርዱ ተጠያቂ እንዳይሆን በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 27 ነበሩ፤ የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪክና የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች።

ዘዴውን ያጸናው አሠራሩ ነው። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመደባሉ። አንዱ ክፍል ውስጥ ሲማር ጓደኛው በፋብሪካው የእሱን ቦታ ይዞ ይሠራል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ይቀያየራሉ። በዚህ ዓይነት ማሽኑ አይቆምም፣ አሠሪውም የሥራ ቦታው ባዶ አይሆንበትም። ተማሪው ለሠራበት ደመወዝ ስለሚከፈለው፣ ቤተሰቡ ሊያስተምረው ለማይችል ወጣት የምህንድስና በር ተከፈተለት፤ ከዘዴው ፍሬዎች ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በምላሹ ትምህርቱ 6 ዓመት ይፈጅ ነበር።

ሥራውና ትምህርቱ ተነጣጥለው እንዳይቀሩ ሽናይደር አስተባባሪ መምህራን መደበ። አስተባባሪው ተማሪውን ሥራው ላይ ያየዋል፤ ተማሪው ክፍል ሲመለስ ያ ብረት ለምን እንዲያ እንደሚቆረጥ፣ ማሽኑ ለምን በዚያ ፍጥነት እንደሚሽከረከር ከቀመሩ ጋር አያይዞ ያወያየዋል። ይህ ክትትል ባይኖር ፋብሪካው የጉልበት ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ዘዴው በ1909 ቦስተን ደረሰ፤ በኋላ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም ተቀበለው። ሽናይደር ራሱ ከ1929 እስከ 1932 የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት መርቶ በ1939 አረፈ። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ማስተማር ሲጀምር ከመነሻው በዚሁ ዘዴ ነው፤ እዚያ ግን ፈረቃው የሚቆጠረው በሳምንት ሳይሆን በወራት ነበር።