«ሐብሐብ የቆላ ነው»፦ የመስኮት ላይ ችግኝ ታሪክና የእኔ ይቅርታ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ታሪክ ነው፣ ስለ ችግኝ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ይቅርታ አለበት።

አምና መጋቢት ላይ አንዲት የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ፎቶ ላከችልኝ። አሁን የምትኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ፎቶው ላይ የቤቷ መስኮት ይታያል። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሁሉ በረዶ ነው። ከመስታወቱ ወዲህ ግን በእርጎ ኩባያ የበቀሉ የቃሪያና የቲማቲም ችግኞች ተደርድረዋል። ዳር ላይ ያለችው ኩባያ ውስጥ አፈር ብቻ ነው ያለው፤ ላይዋ ላይ በአማርኛ «ሐብሐብ፣ ተራው ገና ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። ከፎቶው ስር እንዲህ ብላለች፦ «ቲቸር፣ ከዚህኛው መስኮት ማንም አያስነሳብኝም 😊»

«ጎበዝ!» ብዬ መለስኩላት። እሷም ሳቀች፣ አለፈ። እኔን ግን አላለፈኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን 9ኛ ክፍል ሳስተምራት፣ ይቺ ልጅ በዘይት ጣሳ አፈር ሞልታ፣ የሐብሐብ ፍሬ ቀብራ፣ ጣሳውን ክፍል ውስጥ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት መርጣ ነው። እኔ ገባሁና «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። ነገረችኝ። «ሐብሐብ የቆላ ነው፣ እዚህ ብርድ ላይ አትድከሚ። መስኮቱንም ልቀቂልን» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ዝም ብላ ጣሳዋን አነሳች። ወዴት እንደወሰደችው እንኳን አልጠየቅኩም።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ሲወርድ፣ ማታ አረንጓዴ የነበረው ጠዋት በፈላ ውሃ የተቀቀለ ይመስላል። ስለዚህ የተናገርኩት ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ሐብሐብ የሙቀት ልጅ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው የዛሬው ሐብሐብ የቅርብ ዘመዱ ያለው እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ኮርዶፋን ውስጥ ነው። አፈሩ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅለት በቶሎ ይበቅላል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ፍሬው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ጥፋቴ የታሪክ መምህር ሆኜ ታሪኩን አለማወቄ ነው። ከፎቶው በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የሰው ልጅ ሙቀት ለሚወድ ተክል በብርድ አገር ሙቀት እያበደረ ሲያሳድግ ሁለት ሺህ ዓመት ሞልቶታል!

ከሮም እንጀምር። ከ14 እስከ 37 እ.ኤ.አ. የገዛው ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ (አዎ፣ ወንጌል ላይ ስሙ ያለው ጢባርዮስ ቄሣር) አንድ ፍሬ በጣም ይወድ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው ያ ፍሬ ከማዕዱ ያልቀረበበት ቀን አልነበረም። ለብዙ ዘመን ኪያር ነው ሲባል ኖሯል። ጉዳዩን ያጠኑ የዘመናችን ሊቃውንት ግን ኪያር ያኔ በዚያ አካባቢ ስላልነበረ፣ የጢባርዮስ ፍሬ ረጅም የሜሎን ዘር ነው ይላሉ።

በክረምት እንዴት ተገኘ? አትክልተኞቹ መደቡን የሠሩት መንኮራኩር ባለው ሳጥን ላይ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ገፍተው ያወጡታል፤ ብርድ ሲመጣ ገፍተው ያስገቡትና ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ ይጋርዱታል። በዚያው ዘመን የነበረው የእርሻ ጸሐፊ ኮሉሜላም ተመሳሳይ ምክር አለው፦ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር በቅርጫት ሙላ፣ ዝራ፣ ቀን ሲሞቅ አውጣ፣ ሲበርድ ጣሪያ ስር አስገባ።

እስቲ ልብ በሉ። ሙቀት፣ ብርሃን፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃና የሚጠብቅ ሰው። ያቺ ልጅ መስኮት ላይ ያስቀመጠችው ጣሳ ከዚህ በምን ይለያል? በንጉሡ ብቻ! መጽሐፉም የበላውን ንጉሥ ስም እንጂ ሳጥኑን ጠዋት ማታ ሲገፋ የኖረውን ሰው ስም አልጻፈልንም።

ከዚህ ወደ ፈረንሳይ እንሻገር፤ ዕውቀቱ በደንብ የዳበረው እዚያ ነውና። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቬርሳይ ላይ የአትክልት ቦታ እንዲሠራለት ያዘዘው ዣን ባቲስት ደ ላ ኬንቲኒ የሚባል ሰው ነው። የሚገርመው፣ ሰውየው ትምህርቱ የሕግ ነበር፤ ጠበቃ ነው። ቦታው ደግሞ ረግረግ ነበር። ከ1678 እስከ 1683 እ.ኤ.አ. ድረስ ረግረጉ ተጠርጎ፣ አፈር ተጭኖ፣ አጥር ተገንብቶ አለቀ። ላ ኬንቲኒ በታኅሣሥ ብርድ አስፓራገስ፣ በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ እንጆሪ ለንጉሡ ያቀርብ ነበር። ምሥጢሩ ሁለት ነገር ነው፦ መስታወትና ከቤተ መንግሥቱ ጋጣ የሚወጣ የፈረስ ፋንድያ።

አዎ፣ ፋንድያ! ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ስንረግጠውና ስንራገምበት የኖርነው ያው ፋንድያ።

አሠራሩን ላስረዳችሁ። ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ከነገለባው ሲከመር፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ሲበሉት ይሞቃል። መጀመሪያ እስከ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ያኔ ዘር ቢዘራበት ይቀቀላል። ጥቂት ቀን ጠብቆ ሲበርድለት አንድ ስንዝር የማይሞላ ጥሩ አፈር ከላዩ ይደለደላል፣ ዘሩም ይዘራል፣ በመስታወት ይከደናል። ከታች ፋንድያው ያሞቃል፣ ከላይ መስታወቱ ሙቀቱን ይይዛል። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ ቆላ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ዕውቀት ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የፓሪስ ተራ አትክልተኞች እጅ ገብቶ ነበር። ከተማው ውስጥ ለሰረገላውም ለጭነቱም በጣም ብዙ ፈረስ አለ። ፈረስ ካለ ፋንድያ አለ፤ ፋንድያ ካለ በጥር ወርም ችግኝ አለ። ሞሮና ዳቬርን የሚባሉ ሁለት አትክልተኞች በ1845 እ.ኤ.አ. ሙያቸውን በመጽሐፍ አሳተሙት። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እጃቸው አፈር የነካ ሰዎች ራሳቸው ጻፉት ማለት ነው።

ሥራው ቀልድ አልነበረም። ከመስታወት የተሠራ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል የመሰለ ክዳን አላቸው። አንዱ ደወል ጥቂት ሰላጣ ወይም አንድ የሜሎን ችግኝ ይከድናል። ቀን ፀሐይ ሲበረታ ችግኙ እንዳይታፈን እያንዳንዱን ደወል በእንጨት ደገፍ እያደረጉ አየር ያስገቡለታል። ማታ ደግሞ ከገለባ የተሠራ ሰሌን ያለብሱታል። ሌሊት ውርጭ ከበረታ ከአልጋ ተነስቶ መውጣት ነው። ሜሎኑን የካቲት ላይ በትኩስ መደብ ይዘሩታል፤ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሌላ ትኩስ መደብ ያዛውሩታል፤ ምድር ስትሞቅ እሱ ቀድሞ አድጓል።

የሩሲያው ልዑል ክሮፖትኪን እነዚህን አትክልተኞች አይቶ ስለ እነሱ ጽፏል። ካነበብኩት ሁሉ የማይረሳኝ ምን መሰላችሁ? በኪራይ ውላቸው ላይ ቦታውን ሲለቁ አፈራቸውን ጭነው የመሄድ መብት ነበራቸው። ለዓመታት በፋንድያ የሠሩት አፈር ነዋ! ቤት ስንለቅ አልጋና ቁም ሣጥን እንደምንጭነው እነሱ አፈር ይጭናሉ።

ከዚያስ? ባቡር መጣና ፀሐይ ካለበት ከደቡብ ፈረንሳይ አትክልት በርካሽ አምጥቶ አራገፈ። የከተማው መሬት ተወደደ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ መኪና ፈረሱን ተካው። ፈረሱ ሲሄድ ፋንድያው ሄደ፤ ፋንድያው ሲሄድ ሙቀቱ ሄደ፤ ሙቀቱ ሲሄድ ሙያው አብሮ ሄደ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ወደ ሰው ቤት መስኮት ተዛወረ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ሩሲያ ናት። በሶቪየት ዘመን ብዙ የከተማ ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ 600 ካሬ ሜትር ገደማ የጓሮ መሬት ይሰጠው ነበር። በጋው አጭር ስለሆነ የካቲትና መጋቢት ላይ የአፓርታማው መስኮት ሁሉ በወተት ካርቶን በበቀለ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ይሞላል። በ1990ዎቹ ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል ሲቀር፣ ስንቱን ቤተሰብ ያቆመው ያ ጓሮ ነው። ከዚያ በፊትም ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ጥቅል ጎመን ተተክሎ ነበር። ፎቶው ዛሬም አለ። በንጉሥ ቅምጥልነት የተጀመረ ነገር የደሃ ነፍስ ማቆያ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚኒሶታዋ ልጅ ልመለስ። እሷ ጋ የመጨረሻው ውርጭ የሚያልፈው ግንቦት ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ቃሪያ ወደ ውጭ ከመውጣቱ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀድሞ ይዘራል፤ ቲማቲም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፤ ሐብሐብና ሜሎን ግን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ብቻ። ለዚህ ነው «ተራው ገና ነው» ብላ የጻፈችው። ሐብሐብ ሥሩ ሲነካበት አይወድም፤ ቀድሞ ተዘርቶ ኩባያ ውስጥ ከተጠላለፈ ሲዛወር ይኮማተራል። ችግኞቹን በቀጥታ ሜዳ ላይ አትጥላቸውም። ሳምንት አሥር ቀን ያህል በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እያወጣች፣ ማታ እያስገባች ከነፋሱና ከፀሐዩ ጋር ታለማምዳቸዋለች። የጢባርዮስ አትክልተኞች የሚገፉት ሳጥን ትዝ አላችሁ? እሷም በእጇ ያንኑ እያደረገች ነው።

መስከረም ላይ ሁለተኛ ፎቶ ላከች። ሐብሐቡ ትልቅ አይደለም፤ የሕፃን ጭንቅላት ቢያክል ነው። ግን ውስጡ ቀይ ነው።

እኔስ? ዘንድሮ ጥር ላይ ከጋሪ ነጂዎቹ አራት ጆንያ ፋንድያ ለመንኩ። «ቲቸር፣ ምን ሊያደርጉት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ይገባኛል። ጓሮዬ ውስጥ በአሮጌ ሳንቃ ሳጥን ሠርቼ፣ ከተጣለ መስኮት ባገኘሁት መስታወት ከደንኩት። የመጀመሪያውን ዘር ሙቀቱ ሳይበርድ ቸኩዬ ዘርቼ ቀቀልኩት። ከላይ «ይቀቀላል» ያልኳችሁ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም! ሁለተኛውን አምስት ቀን ጠብቄ ዘራሁ። ሌሊት ውርጩ ሲጠነክር አሮጌ ብርድ ልብስ አለብሰው ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ፍሬ ሰባቱ በቀሉ። ዛሬ ሦስት ሦስት ቅጠል አላቸው። ያፈራሉ ብዬ አልምልም፤ ገና ብዙ ብርድ ፊታቸው አለ። ግን በቅለዋል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በጥር!

አንዱን በዘይት ጣሳ አዛውሬ ትናንት ክፍል ወስጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ። ተማሪዎቹ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። የልጅቷን ስም ሳልጠራ ታሪኩን ነገርኳቸው፤ የሳቅኩባትንም ጭምር።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ። ያን ቀን «ብርድ ነው» ያልኩት እውነት ነበር፤ «አትድከሚ» ያልኩት ግን ስህተት ነበር። መምህር ሥራው ችግኙ አቅም እስኪያገኝ ሙቀት ማበደር ነው፤ እኔ መስታወቱን ያነሳሁ ቀን ውርጩ ራሴ ነበርኩ። ሁሉ ባለበት ነው ያሳፈርኩሽ፣ ይቅርታዬንም ሁሉ ባለበት ልጠይቅሽ ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተስ ከመስኮት ያስነሳችሁት ጣሳ የለም? ካለ፣ ባለቤቱን ፈልጉት። ዛሬ ስልክ አለ፣ ፌስቡክ አለ፤ ሩቅ አይደለም።

ሰላም ሁኑልኝ። ስለ ሰባቱ ችግኞች ወሬ ካለ እነግራችኋለሁ።