የትግል ዳኛ እንዴት ይሰለጥናል?

በእኛ ቋንቋ በችሎት የሚያስችለውም በሜዳ ፊሽካ የሚነፋውም «ዳኛ» ነው። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ዳኛ ግን ፍርዱን በኪሱ ይዞ ነው የሚወጣው። ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚወሰን የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ እ.ኤ.አ. በ1989 ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች አምኗል፤ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብር ለመዳን ሲል።

ታዲያ ምን ይማራል? አብዛኛው ዳኛ የሚሰለጥነው ከታጋዮቹ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ነው። ደብሊው ደብሊው ኢም በ2013 በኦርላንዶ ማሰልጠኛ ማዕከል ከፍቷል። መጀመሪያ አወዳደቅ ይለማመዳል፤ «በስህተት» ተመትቶ መዘረር የሥራው አካል ነውና። ከዚያ ካሜራ ሳይጋርድ መቆምን፣ በጆሮ ማዳመጫው የሚነገረውን የቀረ ሰዓት ለታጋዮቹ በሹክሹክታ ማድረስን ይማራል።

ትልቁ ትምህርት እውነተኛ ጉዳትን ከትወና መለየት ነው። የወደቀውን ጠጋ ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ወይም ጉዳቱ የምር ከሆነ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ያመሳቅላል። ሐኪም ይጠራል፤ ግጥሚያውም ሊቆም ይችላል። ይህችን ምልክት ለትርዒት ማድመቂያ ያዋሉባቸው ጊዜያት አሉ። እኔን ቢጠይቁኝ፣ በሐሰተኛ ምስክርነት ባስከሰስኳቸው ነበር።