የግሪክ ማሰሮና የሐረር ስፌት

ክፍል ውስጥ የግሪክ ማሰሮ ሥዕል ሳሳያችሁ "ቲቸር፣ ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" ትሉኝ ነበር። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ900 እስከ 700 ገደማ ግሪኮች ማሰሮ የሚያስጌጡት በመስመር፣ በክብና በሦስት ማዕዘን ነበር። ይህ ጌጥ ከሽመናና ከስፌት የተቀዳ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። እኔም ወደዚያው አደላለሁ። የሐረር ቤት ግድግዳ ያየ ሰው ይገባዋል። ስፌት የምትሰፋ ሴት ጌጡን በኋላ አትቀባም እኮ። ከእምብርቱ ጀምራ በወስፌ እየወጋች፣ ባለቀለሙን ሣር በየዙሩ እየቆጠረች ነው የምትወጣው። አንድ ቦታ ከሳተች ጌጡ እየተጣመመ ይሄዳል። ሦስት ማዕዘኑ የሚወለደው ከቁጥር ነው።

ቀጥሎ ግሪኮቹ ሰውና እንስሳ ማብዛት ጀመሩ። አቴናውያን ምስሉን በጥቁር ይሥሉና ዝርዝሩን በሹል ነገር ይጭሩት ነበር። በ530 ገደማ ገለበጡት፤ ዙሪያው ጠቆረ፣ ምስሉ የሸክላውን ቀይ ይዞ ቀረ፣ ዝርዝሩ በብሩሽ ሆነ። ጥቁሩም ቢሆን በጣም የላመ ጭቃ ነው። ምድጃው አየር ሲያጣ ሁሉም ይጠቁራል፤ አየር መልሶ ሲገባ ሸክላው ይቀላል፣ የላመው ግን እንደ ብርጭቆ ስለተጋገረ እንደጠቆረ ይቀራል። (ኬሚስትሪ የሚያስቀጣችሁ የነበራችሁ፣ በቃ ይሄው ነበር።)

ማሰሮ ይሰበራል እንጂ አይበሰብስም። ስልቱም ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ባለሙያ ስባሪውን አይቶ ዘመኑን ይገምታል። እንደ ኤክሴኪያስ ያሉት ስማቸውን ጽፈዋል። ያልጻፉትን ደግሞ የኦክስፎርዱ ጆን ቢዝሊ ከጆሮና ከቁርጭምጭሚት አሣሣላቸው እየተነሣ የአንዱን እጅ ከሌላው ለየ። ቅርባችን፣ ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይም ከቻይናና ከየመን የመጣ የሸክላ ስባሪ ተገኝቶ ነው የጥንቷ ከተማ ከማን ጋር ትነግድ እንደነበር ያወቅነው።

የእኛ ግን ሣር ነው፤ ምስጥ ይበላዋል። ሙሽራ ለአማቷ የምትሰጠው ሐማት ሞት ማን ሰፋው? በስንት ዓመተ ምህረት? የጌጡ ስም ማነው? የትም አልተጻፈም። የሚገርመው፣ ከጎኑ የተሰቀለው ከውጭ የመጣ ባለቀለም ሳህን ብዙ ጊዜ ከጀርባው የፋብሪካ ማኅተም አለው!

የተክል ቀለም በገበያ ቀለም መቼ እንደተተካ፣ የትኛው ጌጥ በማን ዘመን ፋሽን እንደነበር የሚያውቁት እናቶችና አያቶች ናቸው። አጨራረሱን አይተው "ይሄ የእገሊት እጅ ነው" የሚሉ አሉ፤ ቢዝሊ ዕድሜውን የጨረሰበት ሥራ ማለት ነው። አሮጌው ስፌት ደግሞ ለቱሪስት እየተሸጠ፣ ስም ሳይያዝለት ይሄዳል።

ጁገል ውስጥ ቤተሰብ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንዱን ስፌት ፎቶ አንሱልኝ። የሰፊዋን ስም፣ የሠርጓን ዓመትና የጌጡን ስም በጌይ ሲናን ጽፋችሁ ለራሳችሁ አስቀምጡ፤ ቤተሰብ ከፈቀደ ለእኔም ላኩልኝ።