ሚኒስትር ለምክር ቤት ሲመልስ፦ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል?

በየዓመቱ በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመኑን ይጀምራል፤ እስከ ሰኔ 30 ቀንም ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ውስጥ ሚኒስትሮች እየተጠሩ፣ በምልዓተ ጉባኤም በቋሚ ኮሚቴም ፊት ስለ መሥሪያ ቤታቸው ዕቅድ፣ ስለ በጀታቸው አጠቃቀምና ስለ አስተዳደራቸው ይጠየቃሉ። ጥያቄና መልሱ በቴሌቪዥንና በራዲዮ ይተላለፋል፤ በዜናም ይዘገባል። ይሁን እንጂ ዜናውን የሚከታተለው አርሶ አደርም ሆነ የከተማ ነዋሪ «ተጠየቀ፣ ተመለሰ፤ ከዚያስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ የአሠራሩን ሕጋዊ መሠረት፣ የጥያቄውን መንገድና በተለይም የመልሱን አነባበብ ይመለከታል።

የመጠየቅ ሥልጣን የሚመነጨው ከሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ ከዚህ ያልፋል፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ የመወያየትና አስፈላጊ መስሎ የታየውን ርምጃ የመውሰድ መብት አለው። በሌላ በኩል አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ሚኒስትር በምክር ቤት ፊት ቆሞ መልስ መስጠቱ ግዴታው ነው፤ ፈቅዶ የሚሰጠው ማብራሪያ አይደለም። ጠያቂውም ከለላ አለው። በአንቀጽ 54 መሠረት ማንኛውም የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ ምክንያት አይከሰስም።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች የሚሾሙትም የሚሻሩትም በንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ተጠሪነታቸውም ለዙፋኑ ነበር። ምክር ቤቶቹ ሚኒስትር ሊያስጠሩ ይችሉ የነበረው በዋናነት ሊወጣ ስለታሰበ ሕግ ለመጠየቅ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት የጥያቄውን ወሰን ወደ ወጪና ወደ ዕለት ተዕለት አስተዳደር አስፍቶታል።

ገንዘቡ ወደ ምክር ቤቱ የሚመጣበት መንገድ ይህን ይመስላል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው ጊዜ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ለየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጣሪያ ያሳውቃል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቁን ተወያይቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል። የገንዘብ ሚኒስትሩ የበጀት መግለጫውን ካቀረቡ በኋላ ቋሚ ኮሚቴዎች ይመረምሩታል፤ ምክር ቤቱም አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ በፊት ያጸድቀዋል።

የ2017 በጀት ዓመትን እንውሰድ። መጀመሪያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህም 451.3 ቢሊዮኑ ለመደበኛ ወጪ፣ 283.2 ቢሊዮኑ ለካፒታል ወጪ፣ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጎማ፣ 14 ቢሊዮኑ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተመደበ። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የብር የመግዛት አቅም ተለወጠ፤ የማዳበሪያ፣ የነዳጅና የደመወዝ ወጪ ቀድሞ በታሰበው ልክ የሚሸፈን አልሆነም። በኅዳር 2017 ዓ.ም ምክር ቤቱ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። የዓመቱ ድምር ከ1.5 ትሪሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የ2018 በጀት ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸድቋል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2014፣ ጠቅላላው በጀት 561.67 ቢሊዮን ብር እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የቁጥሩ ዕድገት ሊያስደንቀው ይችላል። ሆኖም በጀቱ ሦስት እጥፍ አደገ ማለት የሚገነባው መንገድና ትምህርት ቤት ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ሲሚንቶም ብረትም ነዳጅም ዋጋቸው ጨምሯል። አንድ ሚኒስትር «ለዘርፉ የተመደበው በጀት ከአምናው በዚህን ያህል ጨምሯል» ሲል ጠያቂው የምክር ቤት አባል «በአምናው ዋጋ ሲሰላስ?» ብሎ መከተል ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ከሚገባው በታች ነው የሚሰማው።

ወደ መልሶቹ እንምጣ። በምክር ቤት ውስጥ ለሚነሣ የልማት ጥያቄ በብዛት ከሚሰጡ መልሶች አንዱ «በጀት ተይዞለታል» የሚል ነው። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚናገረው ስለ መንገዱ መጀመሪያ ብቻ ነው። በጀት ተያዘ ማለት ምክር ቤቱ እስከዚህ ድረስ ማውጣት ትችላላችሁ ብሎ ፈቀደ ማለት ነው፤ ገንዘቡ ገና እጅ አልገባም። ቀጥሎ ገንዘቡ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል «ሊለቀቅ» ይገባል። የመንግሥት ገቢ በታሰበው ልክ ካልተሰበሰበ የተፈቀደው ሁሉ ላይለቀቅ ይችላል። ከተለቀቀም በኋላ ጨረታ ወጥቶ ውል መታሰር አለበት፤ ጨረታው አሸናፊ ካጣ ወይም ቅሬታ ከቀረበበት ወራት ያልፋሉ። ውል ሲታሰር ለሥራ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ በመዝገቡ ላይ «ወጪ ተደርጓል» የሚል ይታያል፤ በመሬቱ ላይ ግን ገና አንድ አካፋ አፈር አልተነሣ ይሆናል።

የመንግሥት ሪፖርቶች «የፋይናንስ አፈጻጸም» እና «የፊዚካል አፈጻጸም» የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን ለይተው የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው የተከፈለውን ገንዘብ፣ ሁለተኛው የተሠራውን ሥራ ይለካል። ለምሳሌ ያህል የአንድ የውኃ ፕሮጀክት የፋይናንስ አፈጻጸም 70 በመቶ፣ የፊዚካል አፈጻጸሙ ግን 40 በመቶ ቢሆን በመሐሉ ያለው 30 በመቶ ማብራሪያ ይፈልጋል። ምናልባት ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ምናልባት የዋጋ ማስተካከያ ነው፤ ምናልባትም ገንዘቡ ወጥቶ ሥራው ያልተሠራበት ጉዳይ ነው። ሦስቱ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚለያቸው ተከታዩ ጥያቄ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው «የዕቅዱ 95 በመቶ ተከናውኗል» የሚለው አነጋገር ነው። የየትኛው ዕቅድ? ከአጠቃላይ ግንባታው በዚህ ዓመት ሊሠራ የታቀደው አሥር በመቶው ብቻ ከሆነ፣ የዚያ 95 በመቶ ማለት ከጠቅላላው ዘጠኝ ተኩል በመቶ ነው። አድማጩ ግን ግድቡ ወይም መንገዱ ሊያልቅ የቀረበ ይመስለዋል። በአማራ ክልል ጎንደር አቅራቢያ እንዳለው የመገጭ ግድብ ለዓመታት በተጓተቱ ፕሮጀክቶች ላይ ነዋሪው በየዓመቱ ሪፖርት ሲሰማ ግራ የሚጋባው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው ከልማት ወደ ሒሳብ ሲሸጋገር ዋናው መሣሪያ የኦዲት ሪፖርት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ፣ ምክር ቤቱ የመደበው ገንዘብ ለተመደበለት ሥራ በአግባቡ መዋሉን አረጋግጦ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። የራሱን መሥሪያ ቤት በጀት ሳይቀር በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያጸድቃል። የሚመረምራቸው መሥሪያ ቤቶች በበጀት እንዳይዙት የተደረገ ጥበቃ ነው።

በኦዲት ሪፖርቶች ደጋግመው ከሚታዩት ግኝቶች አንዱ «ያልተወራረደ ሒሳብ» ነው። ነገሩ በዕድር ቢታሰብ ይቀላል። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ድንኳን ሊገዛ ገንዘብ ወስዶ፣ ድንኳኑንም ደረሰኙንም ሳያመጣ ዓመት ቢያልፍ አባላቱ ዝም አይሉም። ሰረቀ ብለው ገና አልፈረዱበትም፤ ግን ሒሳቡን እንዲያወራርድ ይጠይቁታል። መሥሪያ ቤትም ለሠራተኛ፣ ለአቅራቢ ወይም ለተቋራጭ በቅድሚያ የሰጠውን ገንዘብ በማስረጃ ካልዘጋው ያልተወራረደ ሒሳብ ይባላል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ፣ ከግዢ ሕግና መመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዢ፣ በወቅቱ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከተፈቀደው በላይ የወጣ ወጪ ይገኛሉ። ጥቅም ላይ ያልዋለ በጀትም ግኝት ነው። ገንዘብ መትረፉ ቁጠባ ቢመስልም፣ ለክሊኒክ መድኃኒት የተመደበ ብር ሳይወጣ ዓመቱ ካለቀ ታካሚው ያለ መድኃኒት ቀርቷል። በሰኔ ወር በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው የግዢ ጥድፊያም የሚመጣው ከዚሁ በጀት እንዳይቃጠል ከሚለው ስጋት ነው።

ዋና ኦዲተሩ ከሒሳብ ምርመራው ጎን የክዋኔ ኦዲትም ያካሂዳል። ይህኛው ደረሰኙ ትክክል መሆኑን ከማየት አልፎ ገንዘቡ የታሰበውን ውጤት አምጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደረሰኙ ሁሉ የተሟላለት የውኃ ጉድጓድ ውኃ ላያወጣ ይችላልና።

በእነዚህ ግኝቶች ላይ ባለሥልጣናትን የሚጠራው በተለይ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። ተመርማሪው መሥሪያ ቤት በይፋዊ ስብሰባ ይቀርባል፤ ኦዲተሮች ግኝታቸውን ያስረዳሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ይመልሳሉ፤ መጨረሻ ላይ የማስተካከያ የድርጊት መርሐ ግብር በተወሰነ ቀን እንዲያቀርቡ አቅጣጫ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ኮሚቴ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። የእንግሊዝ ፓርላማ የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ሲሆን፣ በልማድ የሚመራው ከተቃዋሚ ፓርቲ በሚመጣ አባል ነው።

በእነዚህ ስብሰባዎች የሚሰማ አንድ የተለመደ መልስ «ጉዳዩ የተፈጸመው እኔ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመምጣቴ በፊት ነው» የሚል ነው። መልሱ የሚወለደው ከጊዜው አቆጣጠር ነው። የ2016 ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው፤ ምርመራው የሚካሄደው በ2017 ነው፤ ሪፖርቱ ምክር ቤት ሲደርስ ዓመቱ ሊገባደድ ነው። በዚህ መሐል ሚኒስትሩ፣ ሚኒስትር ዴኤታው፣ የፋይናንስ ዳይሬክተሩ ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ተጠያቂነቱ በግለሰቡ ላይ ብቻ ሳይሆን በተቋሙም ላይ ስለሆነ አዲሱ ኃላፊ ሒሳቡን የማስተካከል ግዴታ አለበት፤ የቀድሞው ኃላፊም ቦታ በመቀየሩ ብቻ ከሕግ አያመልጥም። ኦዲተሩ ግን ከሳሽ አይደለም፤ ምክር ቤቱም ፍርድ ቤት አይደለም። ወንጀል ያለበት ጉዳይ በፖሊስ፣ በዐቃቤ ሕግና በፍርድ ቤት ነው መቋጫ የሚያገኘው። የቁጥጥሩ ሰንሰለት በብዛት የሚላላውም እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዓይነት ግኝት በተከታታይ ዓመታት ሲደጋገም የሚታየው የሚወሰደው ርምጃ ከግኝቱ ኋላ ስለሚቀር ነው።

የአንባቢው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ አይደለም። ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው መንገድ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የግብርና ባለሙያው በክልልና በወረዳ በጀት ሥር ናቸው። የፌዴራሉ ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ለክልሎች ይከፋፈላል፤ የክልል ምክር ቤት ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ የወረዳ ምክር ቤትም የራሱን በጀት ያጸድቃል። በወረዳ ደረጃ አብዛኛው ገንዘብ ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ስለሚውል ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። «ለምን ድልድይ አልተሠራልንም?» የሚል ነዋሪ ይህን ማወቁ ጥያቄውን አይሽርበትም፤ ግን ለማን እንደሚያቀርበው ያሳየዋል። ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ ዋና አስፋልት የፌዴራል ጉዳይ ሲሆን የሚጠየቀው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለሚገዛው ወንበር ደግሞ የሚጠይቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው።

በየክልሉም የክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አለ፤ ሪፖርቱን ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል። ወረዳዎችም የዓመቱን በጀትና ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ የሚያደርግ አሠራር ከ1998 ዓ.ም ወዲህ ተዘርግቷል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ወይም የተለጠፈው ያለፈው ዓመት ከሆነ የወረዳውን ገንዘብ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

የምክር ቤት አባላት በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው ከሕዝብ ጋር ይወያያሉ። በዚያ መድረክ ላይ «መንገድ የለንም» ከሚል አጠቃላይ ቅሬታ ይልቅ የፕሮጀክቱን ስም፣ የተጀመረበትን ዓመት፣ በምልክት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የውል ዋጋና የማጠናቀቂያ ቀን፣ ሥራው የቆመበትንም ወር ይዞ የሚነሣ ነዋሪ ለተወካዩ የተሻለ ስንቅ ይሰጠዋል። ተወካዩም እነዚህን ይዞ ሚኒስትሩን «በጀቱ ተለቅቋል ወይ? ስንት ተከፈለ? የፊዚካል አፈጻጸሙስ ስንት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የምክር ቤቱ ስብሰባዎች በሕግ ለሕዝብ ግልጽ ስለሆኑ መልሱን ነዋሪው ራሱ ሊከታተለው ይችላል፤ በዝግ የሚካሄዱት አባላቱ ወይም አስፈጻሚው ጠይቆ ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ሲደግፉት ብቻ ነው።