ቦሌን ከተሻገረ በኋላ፦ ሕፃናትን በወሲብ የሚበዘብዝ የውጭ ተጓዥ እና የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 12

አንድ የውጭ ዜጋ አዲስ አበባ ላይ የ15 ዓመት ልጅ በገንዘብ ገዝቶ፣ ወይም አንድን ወንድ ልጅ አባብሎ ደፍሮ ከአገር ቢወጣ ጉዳዩ እዚያው ላይ አበቃ የሚል እምነት በሰፊው አለ። «አንዴ ቦሌን ከተሻገረ ማን ያገኘዋል?» ይባላል። ይህ እምነት በሕግ ዓይን ሲታይ ስህተት ነው። የወንጀል ሕጋችን አጥፊው በሄደበት አገር እንዲጠየቅ መንገዱን ከ60 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ጠርጓል፤ የብዙ አገሮች ሕጎችም ዜጎቻቸው ውጭ ሄደው በሕፃናት ላይ ለሚፈጽሙት ወንጀል በአገራቸው ፍርድ ቤት እንዲቆሙ ያደርጋሉ። የጎደለው ከእኛ በኩል መሄድ ያለበት መዝገብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕፃን የምለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ሁሉ ነው። በአዋቂዎች መካከል ያለው የወሲብ ንግድ የራሱ ክርክር ስላለው እዚህ አልገባበትም።

ቦታውን መለየት ያስፈልጋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስቶ በሩዋንዳና በቦሌ ሚካኤል፣ በአትላስና በቺቺንያ፣ በሃያ ሁለት አድርጎ እስከ መገናኛ፣ ገርጂና ሲኤምሲ የሚዘረጋው የከተማ ክፍል የሆቴል፣ የገስት ሃውስ፣ የፈርኒሽድ አፓርታማና የምሽት መዝናኛ ሰፈር ነው። የኤምባሲ፣ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረቦች፣ ለበዓል የሚመጣው ዲያስፖራ፣ ለአንድ ሌሊት የሚያድረው ትራንዚት መንገደኛ ሁሉ የሚያርፉት በብዛት እዚሁ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ አጋማሽ ያወጣቸው ዓመታዊ የሰዎች ንግድ ሪፖርቶች በሕፃናት ላይ የሚያነጣጥር የወሲብ ቱሪዝም እያደገ የመጣባቸውን ከተሞች ሲጠቅሱ አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳንና ቢሾፍቱን ዘርዝረዋል። ፈጻሚዎቹ የውጭም የአገር ውስጥም ሰዎች መሆናቸውን፣ ከሆቴሎች፣ ከደላሎችና ከታክሲ ሾፌሮች ጋር ግንኙነት እንዳላቸውም አክለዋል።

የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ትኩረት ይገባዋል። ተጓዡ ከተማውን አያውቅም፤ ቋንቋውንም አይችልም። ልጅቷን የሚያመጣለት ሌላ ሰው ነው። ከገጠር በሠራተኛ አገናኝ ደላላ በኩል የመጣች፣ ከተቀጠረችበት ቤት ደመወዟን ተከልክላ የወጣች፣ ማደሪያ ያጣች ልጅ በመጀመሪያ የምታገኘው መኝታ የሚሰጣትን ደላላ ነው። ዕዳዋ የሚጀምረውም ከዚያ መኝታ ነው። ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ ሾፌር ይላካል፣ የገስት ሃውሱ ተረኛ በሩን ይከፍታል። ተረኛው የእንግዳውን ፓስፖርት ቁጥር መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ልጅቷ ግን «የእሱ እንግዳ» ተብላ ስሟ ሳይጻፍ ትገባለች። መታወቂያ ከተጠየቀችም ዕድሜዋን 19 ወይም 20 የሚል የቀበሌ መታወቂያ ደላላው አስቀድሞ አውጥቶላታል። በማግስቱ ከዚያ ሌሊት የሚቀረው ማስረጃ የወንዱን ስም ብቻ የያዘ አንድ መስመር ነው።

ፈረንጅን ብቻ መወንጀል ልጆቹን አይጠቅምም። የኬንያ መንግሥትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2006 በኬንያ የባሕር ጠረፍ ላይ ያስጠኑት ጥናት ከደንበኞቹ መካከል ትልቁ ድርሻ የራሳቸው የኬንያውያን መሆኑን አሳይቷል። እኛ ዘንድም የውጭው ሰው የሚጠቀመው የአገሩ ሰው ለአገሩ ሰው በዘረጋው ገበያ ነው። ልዩነቱ የውጭው ሰው የመመለሻ ትኬት በእጁ ይዞ መምጣቱ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በእሱ ላይ ነው።

የአገራችን ሕግ በቅጣት በኩል ደካማ አይደለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባላት ልጅ ላይ ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ በአንቀጽ 627 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ ሲፈጸም ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ልጁ «ፈቅዶ ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም፤ ገንዘብ መከፈሉም ነገሩን አያቀልለውም። ደላላውንና ቤት አከራዩን የሚመለከተው አንቀጽ 634 ነው፤ በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም አለ። ምስል ቀርጾ ለሚያሰራጨው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ተቀምጧል። ፍርድ ቤቶቻችንም የውጭ ዜጋን መቅጣት እንደሚችሉ አሳይተዋል። መቀመጫውን ስዊዘርላንድ ያደረገ ግብረ ሰናይ ድርጅት በወሎ ጃሪ ያስተዳድረው በነበረው የሕፃናት መንደር ኃላፊ የነበረ እንግሊዛዊ፣ በእጁ በነበሩ ወንዶች ልጆች ላይ በፈጸመው በደል እ.ኤ.አ. በ2003 የ9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበታል። ልጆቹ ምስክር ሆነው የቆሙት ባሳደጋቸው፣ ባበላቸውና ባለበሳቸው ሰው ላይ ነበር።

ሰውየው ከሄደስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 11 በኢትዮጵያ ምድር ወንጀል ሠርቶ ወደ ውጭ አገር የሸሸ ሰው ተላልፎ እንዲሰጥ መጠየቅ እንዳለበት ያዛል። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደማይሳካ ሕግ አውጪው ያውቅ ነበር። በእኛና በአሜሪካ መካከል ወንጀለኛ የመለዋወጥ ስምምነት የለም፤ የጀርመን ሕገ መንግሥትም ከአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ከዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች በቀር ጀርመናዊን ለማንም አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ስለዚህ አንቀጽ 12 ተከተለ። ተላልፎ እንዲሰጥ ተጠይቆ ካልተገኘ፣ በተጠለለበት አገር እንዲዳኝ የኢትዮጵያ ባለሥልጣኖች ይጠይቃሉ ይላል። እዚያ በመጨረሻ ፍርድ ነጻ የተባለ ወይም ቅጣቱን የፈጸመ ሰው እዚህ እንደገና አይከሰስም። የውክልና ዳኝነት የሚባለው ይህ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ካረቀቁት፣ በ1949 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሳይለወጥ የወረስነው ድንጋጌ ነው። የአንቀጹ አነጋገር ግዴታን የሚጥል ነው፤ ለባለሥልጣን ምርጫ አልተተወም።

ጥያቄው የሚደርሰው አገርም ዛሬ ዝግጁ ነው። ጀርመን ዜጎቿ ውጭ አገር በሕፃናት ላይ ለሚፈጽሙት የወሲብ ወንጀል የራሷ ሕግ እንዲሠራ እ.ኤ.አ. በ1993፣ አውስትራሊያ በ1994 ደነገጉ። የአሜሪካ ሕግ ቀድሞ ተጓዡ ከአገሩ ሲነሳ ያን ለመፈጸም ማሰቡ እንዲረጋገጥ ይጠይቅ ነበር፤ በ2003 የወጣው ሕግ ይህን አንስቶ ድርጊቱ ብቻ እንዲበቃ አደረገ፤ ቅጣቱም እስከ 30 ዓመት ይደርሳል። ብሪታኒያ በ2003 ያወጣችውን የወሲብ ወንጀሎች ሕግ በ2008 አሻሽላ፣ ድርጊቱ በተፈጸመበት አገርም ወንጀል መሆኑ ይረጋገጥ የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ለዜጎቿ አስቀረች። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የሕፃናት ሽያጭን፣ የሕፃናት ሴተኛ አዳሪነትንና ወሲባዊ ምስልን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት አማራጭ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 4 አንድ አገር ተጠርጣሪውን ዜጋዬ ነው ብሎ አሳልፎ ካልሰጠ ራሱ የመዳኘት ሥልጣን እንዲይዝ ግዴታ ይጥላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 የፕሮቶኮሉ አባል ሆናለች።

ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልቀረ ጎረቤታችን ኬንያ ምስክር ናት። በጊልጊል ከተማ የጎዳና ልጆችን የበደለው የቀድሞ መምህር ሳይመን ሃሪስ በርሚንግሃም ላይ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2015 የ17 ዓመት ከ4 ወር እስራት ተፈረደበት። በቦሜት የሕፃናት ማሳደጊያ ከፍቶ በልጃገረዶች ላይ ወንጀል የፈጸመው አሜሪካዊው ግሬጎሪ ዳው ከኬንያ አምልጦ ፔንስልቬንያ ገብቶ ነበር። በ2021 በዚያው በአገሩ 15 ዓመት ከ8 ወር ተፈረደበት። በዚህ ሁለተኛው ጉዳይ አሜሪካ የምትኖር አንዲት ትውልደ ኬንያዊት ወደ መንደሩ ሄዳ የልጆቹን ቃል በራሷ ጥረት ማሰባሰቧ መርማሪዎች ፋይሉን እንዲከፍቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ ነው። በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ።

ዲያስፖራን ካነሳሁ፣ ደስ የማያሰኘውንም መናገር ግድ ነው። በገናና በጥምቀት፣ በክረምትም ዕረፍት ከሚመጣው ተጓዥ አንዳንዱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቋንቋውንና ሰፈሩን ስለሚያውቅም ከፈረንጁ ይልቅ ከዓይን ይሰወራል። ስለ ሕግ አቋሙ የተሳሳተ ግምት አለ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባዋል፤ ዜግነቱን ግን አይመልስለትም። ስለዚህ በልጅ ላይ ወንጀል ከፈጸመ አሜሪካዊው በአሜሪካ፣ ጀርመናዊው በጀርመን ሕግ ይጠየቃል። «የአገር ልጅ ነው፣ በሽማግሌ ይለቅ» የሚባልበት የሕግ ምክንያት የለም። ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ስላልሆነ የቤተሰብ እርቅ ክስን አያቋርጥም።

ሌላው የቦሌ ልዩ ጉዳይ የዲፕሎማሲ ከለላ ነው። የዲፕሎማት ታርጋ አይቶ የሚያፈገፍግ ፖሊስ ላይ አልፈርድም፤ ግን ከለላው ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና ስምምነት አንቀጽ 31 ዲፕሎማቱን ከተቀባዩ አገር የወንጀል ክስ ቢጠብቀውም፣ የዚሁ አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 4 ከላኪው አገር ዳኝነት ነጻ እንደማያወጣው በግልጽ ይናገራል። ላኪው አገር ከለላውን ማንሳት ይችላል፤ እኛም ሰውየውን የማይፈለግ ሰው ብለን ማስወጣት እንችላለን። አብዛኛው የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ግን ይህ ሙሉ ከለላ የለውም። በ1946ቱ (እ.ኤ.አ.) የድርጅቱ ከለላ ስምምነት መሠረት የሚጠበቀው በሥራው ጠባይ ለተናገረውና ለሠራው ብቻ ነው። ልጅን ወደ ገስት ሃውስ ማስገባት የማንም የሥራ ተግባር አይደለም። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት መመሪያም ዕድሜው 18 ካልሞላ ሰው ጋር የሚደረግን ግንኙነት ይከለክላል፤ «ትልቅ መስላኝ ነበር» የሚለውንም ምክንያት አይቀበልም።

ታዲያ መዝገቡ የሚሰበረው የት ላይ ነው? መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ነው። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዛሬ 15 ወይም 16 ዓመት የሆናት ልጅ የተወለደችው የአገር አቀፍ የልደት ምዝገባ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ የእጅ አንጓዋ ኤክስሬይ ይነሳና ውጤቱ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል የዕድሜ ክልል ሆኖ ይመጣል። ክልሉ 18ን ከነካ ጥርጣሬው ለተከሳሽ ይተረጎማል፤ ያቺ ሐሰተኛ የቀበሌ መታወቂያም የመከላከያ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። መርማሪው ግን የክትባት ካርዷን፣ የክርስትና ወረቀቷን፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባዋን ከተወለደችበት ወረዳ ማስመጣት ይችላል። ለበርሚንግሃም ወይም ለፔንስልቬንያ ዳኛ ከኤክስሬይ ግምት ይልቅ ይህ ይመዝናል።

ቀጥሎ የሚሰበረው ቃሏ ነው። ልጅቷ ወደ ገጠር ትመለሳለች፣ ስልኳ ይቀየራል፣ ደላላው ለወላጆቿ ገንዘብ ይልካል። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በቀዳሚ ምርመራ በዳኛ ፊት የተሰጠ ቃል ምስክሩ ኋላ ባይገኝም በማስረጃነት ሊነበብ ይችላል። በልደታው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጆች ተከሳሹን ሳያዩ በካሜራ የሚመሰክሩበት ችሎት አለ፤ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ማዕከል አለ። ልጅቷ በተገኘች ሰሞን ወደ እነዚህ ብትወሰድ ቃሏና የሐኪም ማስረጃዋ ሰውየው ከመሄዱ በፊት ተሰንደው ይቀመጣሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሦስተኛው ነው። ሰውየው ተይዞ በዋስ ይወጣና ይሄዳል፤ ወይም ቪዛው ተሰርዞ ከአገር ይባረራል። ማባረር ቅጣት መስሎ ይታያል። ለእሱ ግን ነጻ ትኬት ነው፤ ለሚቀጥለው አገር ልጆች ደግሞ አደጋ ነው። በዋስትና ጊዜ ፓስፖርት መያዝና ከአገር እንዳይወጣ ማገድ የዳኛ ሥልጣን ነው፤ የሚያስፈልገው ዐቃቤ ሕጉ በሰዓቱ መጠየቁ ነው።

ለፍትሕ ሚኒስቴር የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በሕፃን ላይ በተፈጸመ የወሲብ ወንጀል የተጠረጠረ የውጭ ዜጋ ከአገር ሲወጣ፣ አምልጦም ይሁን ተባርሮ፣ በአንቀጽ 11 መሠረት ተላልፎ እንዲሰጥ ይጠየቅ፤ ካልተገኘም የልጁ የዕድሜ ማስረጃ፣ በዳኛ ፊት የተሰጠ ቃሉ፣ የሕክምና ወረቀቱና የገስት ሃውሱ መዝገብ ቅጂ ተተርጉመው በአንቀጽ 12 መሠረት ለአገሩ መንግሥት ይላኩ። እዚህ የቀሩት ደላላው፣ ሾፌሩና በሩን የከፈተው ሰው ደግሞ በዚያው መዝገብ እዚሁ ይከሰሱ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።