የወተት ቱቦ ሲዘጋ፦ የምታጠባ እናት ምን ታድርግ? ምንስ ትተው?

በጥርባ፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ገበያ ውላ ማታ ቤቷ የገባች የምታጠባ እናት፣ ከአንዱ ጡቷ ጥግ ላይ ጠጠር ያለና ሲነኩት የሚያም እብጠት ብታገኝ የመጀመሪያው ምክር የሚመጣላት ከጎረቤት ነው። «በሙቅ ጨርቅ ተኩሺው፣ ጠንከር አድርገሽ እሺው፣ ወተቱ እስኪያልቅ አልቢው» ትባላለች። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ የጤና ባለሙያዎችም ለረጅም ዓመታት ይህንኑ ሲመክሩ ኖረዋል። ይሁንና የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ የተባለው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህን አካሄድ ለውጦታል። አጥብቆ ማሸትና ከልክ በላይ ማለብ ሕመሙን እንደሚያባብስ አስታውቋል። ስለዚህ ጉዳዩን በደንብ ማወቁ ለእናትም ለልጅም ይጠቅማል።

ችግሩ ምንድን ነው?

ወተት ከተመረተበት የጡት ክፍል ወደ ጡት ጫፍ የሚደርሰው እንደ ክር በቀጠኑና እርስ በርስ በተጠላለፉ ቱቦዎች ነው። «ቱቦ ተዘጋ» ሲባል ብዙዎቻችን የረጋ ወተት እንደ ውታፍ የወተተፈው ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። በቱቦው ዙሪያ ያለው የጡት ሥጋ ያብጥና ቱቦውን ከውጭ ይጫነዋል፤ መንገዱም ይጠባል። ስለዚህ በመጭመቅ የሚወጣ ነገር የለም። ጭመቃው ያበጠውን ሥጋ ይጎዳዋል፣ እብጠቱም ይጨምራል።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

- በአንድ ጡት ላይ፣ በአንድ ቦታ ተወስኖ የሚገኝ ጠጣር እብጠት፤
- ሲነኩትና ወተት ሲወርድ የሚሰማ ሕመም፤
- በቦታው ላይ የሚሰማ ሙቀት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳሶ ሙቀቱን ማየት ይሻላል፤
- ትኩሳት የለም፣ እናቲቱም በአጠቃላይ ደህና ናት።

በወለዱ በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ገደማ ሁለቱም ጡቶች ሙሉ በሙሉ ቢወጠሩ ግን ይህ ወተት ሲገባ የሚመጣ መወጠር እንጂ የአንድ ቱቦ መዘጋት አይደለም።

ለምን ይከሰታል?

- ሕፃኑ ሳይጠባ ረጅም ሰዓት ሲያልፍ። እናት ገበያ፣ እርሻ ወይም ቢሮ ስትውል፣ ወይም ጡት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ያጋጥማል።
- ሕፃኑ ጡቱን በደንብ ሳይጎርስ ጫፉን ብቻ ሲይዝ።
- ወተት ከሕፃኑ ፍላጎት በላይ ሲመረት። አዘውትሮ ማለብ ጡቱ ተጨማሪ ወተት እንዲያመርት ያደርገዋል።
- ጡት ላይ ጫና ሲበዛ። ደረት ላይ ጠብቆ የሚታሰር የአንቀልባ ጠፍር፣ ጠባብ የጡት መያዣ፣ የውሃ ጀሪካን ወይም የእንጨት ሸክም ማሰሪያ፣ በደረት መተኛትም ለዚህ ይዳርጋሉ።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

1. ማጥባታችሁን አታቁሙ። ሕፃኑ በፈለገ ጊዜ፣ እንደ ወትሮው ከሁለቱም ጡት አጥቡ። ከታመመው ጡት የሚወጣው ወተት ሕፃኑን አይጎዳም። «ይጨረስ» ብሎ ደጋግሞ ማለብ ግን አያስፈልግም።

2. አጎራረሱን አስተካክሉ። የሕፃኑ አፍ በሰፊው ይከፈት፣ አገጩ ጡቱን ይንካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለ ክፍልም ይጉረስ።

3. ቀዝቃዛ ነገር አድርጉበት። በረዶ ባይኖር በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ አድርጋችሁ፣ በቀን ውስጥ ደጋግሙት። በረዶ ካለ በጨርቅ ሳይጠቀለል ቆዳ ላይ አይደረግ። ከማጥባት በፊት ለብ ያለ ጨርቅ የሚያሳርፋት እናት ለጥቂት ደቂቃ ብትጠቀም አይከለከልም፤ ትኩስ ነገር ግን እብጠት ይጨምራል።

4. ማስታገሻ መውሰድ ይቻላል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለምታጠባ እናት ይሆናሉ፤ አይቡፕሮፌን እብጠትንም ይቀንሳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለባት እናት ግን አይቡፕሮፌን ከመውሰዷ በፊት ባለሙያ ትጠይቅ። አስፕሪን አይመከርም።

5. በስሱ ዳብሱ። በእጅ መዳፍ ቆዳውን ብቻ እየነካችሁ፣ ከጡቱ ወደ ብብትና ወደ አንገት ሥር አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ ዳብሱ። የሚያም ከሆነ ጠንክሯል ማለት ነው።

6. ጡቱ ከመወጠሩ የተነሳ ሕፃኑ መጉረስ ቢያቅተው፣ ጫፉ እስኪለሰልስ ድረስ ብቻ በእጅ ጥቂት አልባችሁ ስጡት።

7. የሚያጠብቀውን ልብስና ጠፍር አላሉ፤ እረፍት አድርጉ፤ ውሃ ጠጡ።

በዚህ እንክብካቤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ለውጥ ይታያል።

የማይደረጉ ነገሮች

እብጠቱን በጡጫ፣ በማበጠሪያ ወይም በጠርሙስ አትጫኑት። በጡት ጫፍ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ቢታይ በመርፌ አትውጉት፤ ለቁስለትና ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ከቤት የተረፈ ወይም ያለ ትእዛዝ የተገዛ አንቲባዮቲክ አትዋጡ፤ ባክቴሪያ ለሌለበት እብጠት መድኃኒቱ አይሠራም። በሕመሙ ምክንያት ሕፃኑን በአንድ ጊዜ ከጡት መለየትም ጡቱን ይበልጥ ያስወጥረዋል፤ ችግሩም ይከፋል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል?

የሚከተሉት ካሉ ቀን ሳይገፋ መሄድ ያስፈልጋል፦

- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሰውነት መቆረጣጠም ኖሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለ። እናቲቱ በጣም ከደከመች፣ ራሷን ከሳተች ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ ግን ሰዓት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ፤
- የሚቀላው ወይም የሚያብጠው ቦታ እየሰፋ ከሄደ፤
- እብጠቱ ከውስጥ ውሃ እንደያዘ ከለሰለሰ ወይም መግል ከወጣ። ይህ መግል መቋጠሩን ስለሚያሳይ በባለሙያ መፍሰስ አለበት፤
- ትኩሳት ባይኖርም እብጠቱ ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም በአንድ ቦታ ከተመላለሰ። ሌላ የጡት በሽታ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤
- እናቲቱ ኤችአይቪ በደሟ ካለ። ስለ አጠባቡ ወዲያውኑ ሐኪሟን ታማክር።

በገጠር ቀበሌ ላሉ እናቶች ቅርቡ በር ጤና ኬላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች የሕፃኑን አጎራረስ አይተው ማስተካከልና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መላክ ይችላሉ። አንቲባዮቲክ ከታዘዘ ሕመሙ ቢቀልም እስከ መጨረሻው ይወሰድ፤ ማጥባቱም ይቀጥል።

ከዲናችን አንጻር

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ማጥባትን መሙላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት ይጠቅሳል። እዚያው ላይ እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ፣ ጡት የማስጣሉም ውሳኔ በወላጆች ስምምነትና ምክክር እንዲሆን ያዛል። እናት ሕመሟን ደብቃ እንድትችል አልተጠየቀችም፤ ሕክምና መፈለግም የዲኑ አካል ነው።

በረመዳን ለራሷ ወይም ለልጇ የምትፈራ አጥቢ እናት ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ስለ ቀዷና ስለ ፊድያው ዑለማዎች የተለያየ ሐሳብ ስላላቸው የአካባቢዋን ዓሊም ትጠይቅ። ልብሷ ላይ የሚፈሰው ወተት ደግሞ ንጹሕ ነውና ከሶላት አያግዳትም።

ለባሎችና ለቤተሰብ

ይህ ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው እናት ስትደክምና ማጥቢያ ሰዓቷ ሲያልፍ ነው። ውሃ የሚቀዳላት፣ ገበያ የሚሄድላት ወይም ሕፃኑን ያለችበት ድረስ የሚያመጣላት ሰው ማግኘት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ባል ሚስቱ «ጡቴን አመመኝ» ስትለው የሴቶች ጉዳይ ነው ብሎ አይለፈው። ትኩሳት ካለ የጤና ጣቢያው መንገድ ለነገ አይባልም።

አላህ እናቶቻችንንና ልጆቻቸውን በዓፊያ ያኑርልን።