ነጋሪትና አቤቱታ፤ ስለ ሳንታ ሞኒካ ማዘጋጃ ቤት የኤሌክትሮኒክ መረብ

በአገራችን የቀድሞ ልማድ መንግሥት ለሕዝቡ የሚናገረው በነጋሪት ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ይነገራል፤ የሰማውም ላልሰማው ያሰማል። ሕዝቡ ደግሞ ለመንግሥት የሚናገረው በአቤቱታ ነበር፤ የተበደለ ሰው ከሹም ደጅ ቆሞ «አቤት» ይላል። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ከበሮ ነው። ለአቤቱታ ግን እንዲህ ያለ ጋዜጣ አልቆመለትም።

ዛሬ የትንንሽ ከተሞች አስተዳደሮች ድረ ገጻቸውን ለማደስ በተነሡ ቁጥር ይኸው የቆየ ጥያቄ ይመለሳል። ገጹ ነጋሪት ብቻ ነውን? ወይስ የአቤቱታም ደጅ ነው? ጥያቄውን ለመመርመር፣ የድረ ገጽ ልማድ ገና ሳይመጣ በአሜሪካ አንዲት ከተማ ያደረገችውን ሙከራ እንመለከታለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሳንታ ሞኒካ በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ ጎን በውቅያኖስ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በ1990 የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 87,000 ይጠጋ ነበር። ማዘጋጃ ቤቷ በፌብሩዋሪ 1989 ፓብሊክ ኤሌክትሮኒክ ኔትወርክ፣ በአጭሩ ፔን የተባለውን የኮምፒዩተር መረብ ከፈተ። የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያለ ክፍያ ሊገባበት ይችል ነበር። አገልግሎቱም ሦስት ዐይነት ነበር፤ ይኸውም የምክር ቤቱን አጀንዳና የከተማውን ማስታወቂያ ማንበብ፣ ለማዘጋጃ ቤቱና ለሌሎች ነዋሪዎች ደብዳቤ መላክ፣ እንዲሁም ስለ ከተማው ጉዳይ በግልጽ መወያየት ነው።

በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ሰው እንዳይቀርም በቤተ መጻሕፍትና በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ኮምፒዩተሮች ተተከሉ። ይህ ውሳኔ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ለሙከራው ትልቁን ፍሬ ያስገኘለት እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ቤት አጥተው በጎዳና የሚያድሩ ሰዎች ጉዳይ ከተማዋን ያከራክር ነበር። ሌላው ሰው ስለ እነርሱ ሲጽፍ፣ እነርሱም ከሕዝብ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው መልስ ይጽፉ ጀመር። በጎዳና ላይ ልብሳቸውን አይቶ የሚያልፋቸው ሰው፣ በመረቡ ላይ ግን ልብሳቸውን ሳያይ ቃላቸውን አነበበ። ስለ ሥራ ሲነሣ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ገላውን ሳይታጠብ፣ ልብሱን ሳያጥብና ጓዙን የሚያኖርበት ሳያገኝ ሥራ ሊለምን የሚቀርብ ሰው ተቀባይ የለውም።

ከዚህ ውይይት የተነሣ ቤት ያላቸውና ቤት የሌላቸው ነዋሪዎች በአንድነት ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የገላ መታጠቢያ፣ የልብስ ማጠቢያና የዕቃ ማኖሪያ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ፤ የሦስቱን የእንግሊዝኛ ስሞች አጣምሮም ዕቅዱን «ሽዋሽሎክ» አለው። የከተማው ምክር ቤትም ሐሳቡን ተቀብሎ ገንዘብ መደበለት። ዕቅዱን ያመነጨው የሹማምንት ማስታወቂያ ሳይሆን የነዋሪዎች ንግግር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይሁን እንጂ መረቡ ድካም አልነበረበትም ለማለት አይቻልም። በውይይቱ ጥቂት ሰዎች ብዙውን ቦታ ያዙ፤ ስድብና ዘለፋም በዛ። ከምክር ቤቱ አባላት ውስጥ በዚህ ምክንያት ከውይይቱ የራቁ ነበሩ። በአንዳንድ ወንዶች ጽሑፍ የተነወሩ ሴቶችም ፔንፌም የተባለ የራሳቸውን ክፍል መሠረቱ። ከዚህ የምንረዳው ደጅ መክፈት ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ደጁን የሚጠብቅ ደንብና ለሚጠይቀው መልስ የሚሰጥ ሹም ያስፈልጋል።

በ1993 ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም የዓለም አቀፉን ድር ቴክኒክ ለማንም በነፃ ከለቀቀ በኋላ፣ የየከተማው አስተዳደር የየራሱን ገጽ ማውጣት ያዘ። ብዙዎቹ ገጾች የመሥሪያ ቤቱን ክፍሎች ተከትለው የተደረደሩ ነበሩ። ባለጉዳይ ግን የሚመጣው ችግሩን ይዞ እንጂ የክፍሉን ስም አጥንቶ አይደለም። በ2012 የእንግሊዝ መንግሥት የተበታተኑ ገጾቹን በአንድ ድረ ገጽ መሰብሰብ ሲጀምር፣ የሥራው የመጀመሪያ መመሪያ ከተጠቃሚው ፍላጎት መነሣት የሚል ነበር። ይህ ነጋሪቱን በሚገባ የሚሰማ ያደርገዋል፤ አቤቱታውን ግን ገና አይሰማም።

እንግዲህ የአንዲት ትንሽ ከተማን ድረ ገጽ ለማደስ የሚነሣ ሰው ከቀለሙና ከሥዕሉ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ባለጉዳዩ የሚፈልገውን በራሱ ቃል ፈልጎ ያገኘዋልን? ኮምፒዩተርም ስልክም የሌለው ሰው በየት በኩል ይገባል? ለሚጽፈውስ ማን በስንት ቀን ይመልስለታል? ነዋሪው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ የአስተዳዳሪውን ፎቶግራፍና የትናንቱን ስብሰባ ብቻ የሚያወጣ ገጽ፣ ሥራው «የአዋጁን በጆሮ» ይሆናል። የሳንታ ሞኒካ ሙከራ ከነድካሙ የሚያስታውሰን፣ በጎዳና የሚያድር ሰው እንኳ ሐሳቡን ለከተማው ምክር ቤት የሚያደርስበት ደጅ ሊበጅ መቻሉን ነው። ስለዚህ የአንድ ገጽ መታደስ ሊመዘን የሚገባው ባወጣው ማስታወቂያ ብዛት ሳይሆን፣ ተቀብሎ በመለሰው አቤቱታ ነው።